አስተርጓሚዋ የወሰደችው ሥራ

ስመኝ መምህር ባሏን ክብሩን ተከትላ ከጎጃም ሮቤ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጃቸው ትምህርት ቤት መዋል ስትጀምር ቤቱ ጭር አለባትና ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሠራ የሱቅ ሥራ መፈለግ ጀመረች። አገሯ ሳለች ልብስ ስፌት ተምራለች፤ ጨርቅ በጣቷ ዳስሳ ታውቃለች። የጎደላት ቋንቋ ነው። ኦሮምኛዋ ከሰላምታ አያልፍም።

ስለዚህ እንድታስተረጉምላት ረቢያን ይዛ ወጣች። ረቢያ አንድ ግቢ የተከራየች ጎረቤቷ ናት፤ የጎባ ልጅ፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውኃ የጠጣች። ሦስት ሱቅ «ሰው ይዘናል» አላቸው። አራተኛው አዴ ሀዋኒ የሚሏቸው የአንዲት አሮጊት የጨርቅ ሱቅ ነበር። ረቢያ የጓደኛዋን ሙያ እያሞካሸች ስታስረዳ አሮጊቷ ዐይናቸውን ከረቢያ ላይ አልነቀሉም። በመጨረሻ በአማርኛ፣

«እሷስ ባለሙያ ናት። ከገጠር ለሚመጣው ደንበኛዬ ግን አፍ ያስፈልገኛል። አንቺ ብትመጪልኝስ?» አሉ።

ረቢያ ደንግጣ ወደ ስመኝ ዞረች። ስመኝ ሳቀች። «ምን ችግር አለ፣ ግቢ እንጂ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ረቢያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሻሿን አስተካክላ ስትወጣ፣ ስመኝ ልብስ ማጠቢያው ላይ አቀርቅራ የእግሯን ኮቴ ታዳምጣለች። ረቢያ አዲስ ጫማ ስትገዛ አየችባት። ለልጆቿ ብስኩት ይዛ ስትገባ አየችባት።

«ጥጡን ከናይለኑ እንኳ አትለይም» አለችው ክብሩን።

«ራስሽ አይደለሽ የወሰድሻት?» አላት። ለሁለት ቀን አኮረፈችው።

አንድ የገበያ ቀን አላስችል ብሏት ወደ ሱቁ ሄደች። ረቢያን ጣቃ በጣቃ ላይ እያስወረደች «ይሄ ደብዛዛ ነው፣ ያኛው ይሳሳል» ስትላት ቆየች፤ ረቢያ ሳትሰለች ታወርዳለች። በዚህ መሀል ከሃረና በኩል የመጣች ጤቤ የምትባል እናት ለልጇ ሰርግ ቀይ ጨርቅ መረጠች። እጅጌው ረጅም፣ ታቹ ሰፊ እንዲሆን በእጇ በገዛ ሰውነቷ ላይ አሳየች። ረቢያ አራት ሜትር ለካች። ስመኝ የጨርቁን ወርድ አየች፤ ጠባብ ነው፤ ያለ አምስት ሜትር አይሆንም። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። መቀሱ ጨርቁን ቆረጠው።

በሳምንቱ ጤቤ ልብስ ሰፊው «አይበቃም» ብሎ የመለሰላትን ጨርቅ ይዛ መጣች። ከጣቃው የተረፈው ሌላ ሰው ገዝቶታል። አዴ ሀዋኒ ረቢያን በሰው ፊት ወረዱባት። ስመኝ ይህንን ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየች። የምትጠብቀው ደስታ መጣ፤ ግን ቤቷ እስክትደርስ እንኳ አልቆየላትም።

አመሻሹ ላይ ረቢያ ቧንቧው ዘንድ ፊቷን ስትታጠብ አገኘቻት።

«እንደማይበቃ አውቄ ነበር» አለቻት።

«መቼ?»

«ስትለኪው።»

ረቢያ ውኃውን ዘጋች። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ቀንቼ።»

ረቢያ ባልዲዋን አንስታ ገባች። ሦስት ቀን ሰላምታ እንኳ ነፈገቻት። በአራተኛው ቀን በሯን አንኳኳች፤ ጨርቁን በፌስታል ይዛለች።

«ሰርጉ እሑድ ነው። ታተርፊዋለሽ ወይስ አታተርፊውም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ስመኝ በሱቁ በረንዳ በሚሠራው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌውን ከሚስማማ ወርቃማ ጨርቅ አወጣችው። ጤቤ ቀሚሱን ገልብጣ አይታ የስመኝን እጅ ሳመች። አዴ ሀዋኒ ከደጃፉ ቆመው ሲያዩ ነበርና፣ «በገበያ ቀን እየመጣሽ ለኪልኝ» አሏት።

አሁን ስመኝ በገበያ ቀን ትለካለች፣ ትቆርጣለች። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ረቢያ ግን እንደ ድሮው ክንዷን አትይዛትም። ደንበኛ ገና ከደጃፍ «ረቢያ አለች?» ሲል ስመኝ ዛሬም ትቀናለች። ያኔ ሜትሩን አንስታ ትለካለች፤ የማይበቃውን ግን አይበቃም ትላለች።