ባሌ ታጥቦ የሚመጣበት ቤት

ይህ የደረሰብኝ አምና በጋ፣ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ልርሳውም ብል አልችልም፤ ባሌ ያንን ሸሚዝ ለብሶ ፊቴ በቆመ ቁጥር ሦስተኛዋ ቁልፍ ትታየኛለች። ቀናተኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ አለዚያ የሚያውቁኝ ሰዎች ካነበቡት ይስቁብኛል።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ አስማረ ደግሞ የባንጃ ገጠር ልጅ ነው። የምንኖረው እንጅባራ ነው፤ የዱሮ ሰዎች ቆሰበር ይሏታል። እኔ ገበያው አጠገብ በአንዲት ስፌት መኪና ልብስ እሰፋለሁ። እሱ ድንጋይ ቤት ይሠራል። ድንጋይ ቤት የምንለው ግራናይት እየቆረጡ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ለደረጃና ለመቃብር ሐውልት የሚያዘጋጁበትን ቦታ ነው። አስማረ መቁረጫ ማሽኑ ላይ ነበር የሚሠራው፤ ከሥራ ሲመለስ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ነው። ወፍጮ ቤት ነው ወይ የምትውለው እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ልብሱን የማጥብለት እኔ ነበርኩ። በር ላይ አውልቆ ይሰጠኛል፤ ልጃችንን ሶስናን እንዳዘልኩ ደጅ ወጥቼ አራግፈዋለሁ። በደንብ እንዲለቅ ከግድግዳው ጋር እመታዋለሁ። ሳይራገፍ ውሃ ውስጥ ከገባ ጭቃ ይሆናል፤ ሳሙና ይፈጃል። እናቴም ያስተማረችኝ እንዲህ ነው። አቧራው ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ፣ በቃ። ለእሱም ከትርፍራፊ ጨርቅ በድርቡ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሰፍቼለት ነበር። ጓደኞቹ አይተው ለእኛም ብለው አዘውኝ፣ በሙያዬ ኮርቼ ነበር።

ከክረምት ጀምሮ ደረቅ ሳል ይዞታል። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም። ዝንጅብል አፍልቼ በማር አጠጣዋለሁ፤ ትንሽ ይሻለዋል፣ ይመለስበታል።

ታዲያ ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ንጹህ ሆኖ መጣ። ጸጉሩ እርጥብ ነው፤ የለበሰው ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ በፌስታል የያዘውን ሸሚዝ ነው። ደስ አለኝ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ደስታዬ ቀረና ማሰብ ጀመርኩ።

"የሥራ ልብስህስ?" አልኩት።

"እዚያው ትቼው መጣሁ።"

"ማን ሊያጥበው?"

"እኛው እናጥበዋለን።"

አስማረ ከተጋባን ስድስት ዓመት ሲሆነን አንድ ቀን ካልሲውን አጥቦ አያውቅም። ድንጋይ ቤት ደግሞ ውሃ እንደሌለ አውቃለሁ። ምሳ ላደርስለት ስሄድ እጁን እንኳ የሚያስታጥቡት በጠርሙስ ነው። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ ሳሙናው የእኛ ቤት ሳሙና አይደለም።

እንደዚያ ሆኖ ሁለት ሳምንት አለፈ። እሱ በየቀኑ ታጥቦ ይመጣል፣ እኔ በየቀኑ አሸተዋለሁ። ምንም አልተናገርኩም። ዝም ያልኩት ትዕግሥት ኖሮኝ እንዳይመስላችሁ፤ እጅ ከፍንጅ የሚያዝበትን ነገር እየጠበቅሁ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሸሚዙን ልተኩስ ስዘረጋው ሦስተኛዋ ቁልፍ የእኔ ሥራ አለመሆኗን አየሁ። እኔ ቁልፍ ስሰፋ በአራቱ ቀዳዳ ክሩን አመሳቅዬ ነው። ይህች ግን በሁለት ቀጥ ያለ መስመር ተሰፍታለች፤ ከሥሯም ክሩ ተጠምጥሞ አንገት ተሠርቶላታል። ክሩም እንደ ሌሎቹ ነጭ ሳይሆን ወደ ክሬም የሚያደላ ነው። ሴት ከባሌ ጋር ብትስቅ እቀናለሁ፤ ቁልፍ ስትሰፋለት ግን እንጀራዬ ውስጥ የገባችብኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሸሚዙን ይዤ ከጎኔ ለሚሰፉት ለጋሼ ፈንታ አሳየኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ በእንጅባራ እሳቸው ያልሰፉለት ሰው ጥቂት ነው።

"ጋሼ፣ ይህን ማን የሰፋው ይመስልዎታል?"

መነጽራቸውን አስተካክለው አገላበጡት። "ሴት ናት። ደግሞ ተጠንቅቃ ነው የሰፋችው፤ አልቸኮለችም።"

ሴት መሆኗን ጠርጥሬ ነበር። አለመቸኮሏ ግን አንጀቴን አሳረረው። ጋሼ ፈንታ ፊቴን አይተው፣ "ቆሰበር ጠባብ ናት ልጄ፣ የሚደበቅ ነገር የለም። ቀስ ብለሽ እሱኑ ጠይቂው" አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ አላደረግሁትም።

ሰኞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ሶስናን አዝዬ ባጃጅ ያዝኩ። ከድንጋይ ቤቱ ማዶ አስቆምኩት። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ማሽኑ ይጮኻል፤ ነጩ ብናኝ እንደ ጭስ እየወጣ መንገዱን ያቋርጣል።

"ማንን ነው የምንጠብቀው?" አለኝ ሹፌሩ።

"ባሌን።"

ወዲያው ገባው መሰለኝ የከፈተውን ሙዚቃ ዘጋው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስማረ ነጭ በነጭ ሆኖ ወጣ። ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄደና በግራ ታጠፈ። የቀርከሃ አጥር ያለው ግቢ ሳያንኳኳ ገባ። ይህም አቃጠለኝ፤ የገዛ ቤታችንን እንኳ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ከባጃጁ ወርጄ በአጥሩ ቀዳዳ ማየት ጀመርኩ።

መልከ ጥፉ ሴት እንድትሆን ስመኝ ነበር፤ አልሆነችም። ረጅም፣ ሹሩባ የተሠራች፣ ከእኔ ምናልባት አምስት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። እሱ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ጎንበስ ብሏል፤ እሷ ከጀሪካን በማንቆርቆሪያ እየቀዳች ራሱ ላይ ታፈስለታለች። የሚያወሩት በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኚ ነው። እኔ አውኚ የማውቀው ለሰላምታና ድንች ለመግዛት ያህል ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ቃል በብር የሚገዛ የሚመስለው ባሌ እዚያ ይተርካል፣ ይስቃል።

ከዚያ ሳል ያዘው። ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች፤ ሳሉ እስኪበርድለት ድረስ አላነሳችም። እጇ ቦታውን የሚያውቀው ይመስላል። ከዚህ በላይ መቆም አልቻልኩም፤ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

"ቀጥዪ፣ ጀርባውንም ፈትጊው" አልኳት።

አስማረ ዓይኑ ውስጥ ሳሙና እንደገባ ቀና አለ። "አንቺ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ልብስህን ልወስድ። ልብስህን የማጥበው እኔ ነኝ።"

የሥራ ልብሱ ከአንድ ባልዲ ውሃ አጠገብ ተቀምጧል። ጃኬቱን ብድግ አደረግሁና እዚያው በፊቷ፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ በኃይል አራገፍኩት። ነጩ ብናኝ ተነሳ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ስትሮጥ አየሁና ልትመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልመታችኝም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ጀርባዬ ላይ ያለችውን የሶስናን ፊት ሸፈነችና በክንዴ ይዛ ነፋስ ወደሚመጣበት ጥግ ጎተተችን። "ልጅቷን፣ ልጅቷን" ትላለች። ከዚያ እሷም ማሳል ጀመረች። የእሷ ሳል የአስማረን የሚያስንቅ ነበር፤ መቆም አቅቷት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አስማረ ጃኬቱን ከእጄ ነጥቆ ባልዲው ውስጥ ደፈቀውና ውሃ ሊሰጣት ሮጠ። በዚያ ሰዓት እንኳ እኔን ትቶ እሷን መደገፉ አስቀናኝ።

ሲሻላት እንድቀመጥ ለመነችኝ። ስሟ አንጓች ነው። ባሏ አስማረ ከመቀጠሩ በፊት በዚያው ማሽን ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

"እንደዚሁ በሳል ነው የጀመረው፣ እታለም" አለችኝ። "ከሳ፣ ዳገት አቃተው። የሳምባ ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒቱን ጨረሰ፤ አልተሻለውም። በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ ሐኪም የደረቱን የራጅ ፎቶ አየና ሥራው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀን። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የጠየቀን ሰው አልነበረም።"

ሐኪሙ የነገራትን እንደዚያው ነገረችኝ። ግራናይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጨው ነገር ነው አላት፤ አሸዋ ውስጥም ያለው፣ መስታወት የሚሠራበት ዓይነት። ድንጋዩ እንዳለ ቢቀመጥ፣ ድስት ቢጣድበት፣ ዘመን ቢቆይ ማንንም አይጎዳም። በደረቁ በማሽን ሲቆረጥ ግን ከዱቄት የደቀቀ ብናኝ ይሆናል። የሚታየው ነጩ አቧራ ቀላሉ ነው፤ የሚገድለው በዓይን የማይታየው ነው። ሳምባ ገብቶ ያቆስላል፣ ቁስሉ ይደርቅና ጠባሳ ይሆናል። አጥቦ የሚያወጣው መድኃኒት የለም።

"መሸፈኛስ?" አልኳት።

"ጨርቅ አይዘውም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አለ አለኝ።"

የሰፋኋቸው መሸፈኛዎች ትዝ አሉኝና አንገቴን ደፋሁ።

"ከዚያ ልብሱን ማን ያጥባል፣ እንዴት ታጥቢዋለሽ አለኝ። አራግፌ አልኩት። እኔንም ፎቶ አስነሳኝ። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ጥላ ይታየኛል አለኝ።" ወደ ሶስና አየች። "የባሌ ሁለተኛ ሙት ዓመት ላይ አስማረ ከሠራተኞቹ ጋር መጥቶ ሲያስለው ሰማሁት። ልጅ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቤቴ መንገድህ ላይ ነው፣ ይህን ልብስ ይዘህ ቤትህ እንዳትገባ፣ እዚህ ሳይራገፍ ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን አልኩት።"

አስማረን ዞር ብዬ አየሁት። ጸጉሩ ላይ አረፋው ደርቋል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሥራውን ተው ብትይኝ ምን እንበላለን ብዬ ነው" አለ። የደረቀውን አረፋ በመዳፉ ጠረገና፣ "ፎቶ ተነስቻለሁ። ዳንግላ ሄጄ። ጅምር አለ ብለውኛል" አለኝ።

"ብቻህን?"

 አንጓች ናት የመለሰችው። "እኔ ነኝ ያደረስኩት። ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም ነበር።"

እንግዲህ አስቡት። ዳንግላ የተወለድኩበት ከተማ ነው፤ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው በእናቴ ደጅ ነው የሚያልፈው። ባሌ ሳምባው መታመሙን ሊሰማ በእናቴ ደጅ ከሌላ ሴት ጋር አለፈ። አለቀስኩ። ግማሹ ለእሱ ነው፤ ግማሹ ደግሞ፣ ምን አሳፈረኝ፣ የቅናት ነው።

እንባዬን ጠርጌ ስለ ቁልፏ ጠየቅኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ፈገግ አለች። "ስሰቅለው ወደቀች። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት ስላለኝ፣ ሥራዬን አይታ እንዳትንቀኝ ብዬ ተጠንቅቄ ሰፋኋት።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። የእሷን ባልና የአስማረን ፎቶ ይዘን እኔና አንጓች ድንጋይ ቤቱ ባለቤት ዘንድ ሄድን። አንገራገረ። የሌሎቹ ሠራተኞች ሚስቶች አብረውን ሲመጡ ግን በርሜል አስቀምጦ ማሽኑ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎማ አስገጠመ፤ አሁን የሚቆርጡት በእርጥቡ ነው። አስማረ ከማሽኑ ወጥቶ የሰው ቤት እየሄደ ልኬት ይወስዳል፣ የተቆረጠውን ይገጥማል። የገባው አይወጣም፣ ካልተጨመረበት ግን ሊያዘግም ይችላል ብለውናል ሐኪሞቹ። ለምርመራ ሲሄድ የፎቶውን ፖስታ የምይዘው እኔ ነኝ። ሶስና ደህና ናት።

አንጓች ግን ዘንድሮ ከጀሪካን መቅዳት ከብዷታል። ሦስት ሠራተኞች አሁንም እሷ ግቢ ይታጠባሉ፤ ውሃውን የምቀዳውና ልብሱን የምነክረው እኔ ነኝ። ስታስል መዳፌን ጀርባዋ ላይ አሳርፋለሁ፤ የቱ ጋ እንደሚያዝ ራሷ አሳይታኛለች።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ከአስማረ ጋር በአውኚ ሲሳሳቁ ዛሬም ይቆረቁረኛል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስቀናኝ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ እኔ ብርድ ነው እያልኩ ዝንጅብል ሳፈላ፣ እሷ አንድ ጊዜ ሲያስል ሰምታ አወቀችው።

ያችን ቁልፍ ፈትቼ በራሴ ክር ልተካት ብዬ ስንቴ መቀስ አንስቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ያንን ሸሚዝ ሳጥብ ከላይና ከታች ያሉት የእኔ ቁልፎች ረገፉ፤ የእሷ አልተነቃነቀችም። ከገበያ ክሬም ክር ገዛሁና ሁለቱንም እንደ እሷ አድርጌ፣ ሳልቸኩል ሰፋኋቸው።