የዘሃራ ቆጥ

የምሠራበት የልብስ ሱቅ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት አጠገብ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት መጋዙ ሲነሳ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ በበሩ ገብቶ የተሰቀለውን ልብስ ሁሉ ያዳርሰዋል። ደንበኞቼ «ደስ ሲል! መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ይላሉ። እኔን ደስ አይለኝም። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር ከሐይቁ በላይ ወዳለው መንደራችን ጓሮ ይወስደኝና፣ አባዬ ከሰል በእጁ ይዞ፣ አጎንብሶ፣ ለእኔ ሳይሆን ለዘሃራ ሲለካ ያሳየኛል። ቅናት እንደ ጉንፋን ነው፣ ሰንብቶ ይለቃል የሚል ሰው ካለ እኔን አያውቀኝም።

ዘሃራ ባዕድ አይደለችም፤ የአባዬ ታናሽ ወንድም ልጅ ናት። አባቷ ሞቶ፣ እናቷ ሌላ ባል አግብታ ወደ ሚሌ ስትወርድ፣ አምባሰል ውስጥ ከውጫሌ በላይ ካሉት አያቷ ዘንድ ቀርታ ነበር። እዚያ ከገደሉ አፋፍ እንጨት እየለቀመች፣ በጀርባዋ አዝላ ገበያ እያወረደች ነው ያደገችው። በጥቅምት አያቷ ሲደክሙ አባዬ ሄዶ አመጣት። እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሷ በዕድሜ ትንሽ ብትበልጠኝም ቁመቷ የትልቅ ሴት ነበር። ከባጃጁ ስትወርድ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነበር የወረደችው፤ እኔ ኩራት መስሎኝ ያኑ ቀን ጠላኋት።

በእኛ ቤት ማገዶ መቁረጥ የሴት ልጅ ሥራ ነበር። አባዬ ባሕር ዛፉን መልምሎ ቅርንጫፉን ጓሮ ይጥልልናል፤ እኛ መሬት ላይ አንድ ጉማጅ አስቀምጠን፣ ቅርንጫፉን በግራ እግራችን ረግጠን፣ አፍንጫችን ጉልበታችንን እስኪነካ ጎንበስ ብለን በገጀራ እንቆራርጣለን። አንድ ሸክም ቆርጦ ቀና ማለት ጭንቅ ነበር። እኔ «ኧረ ወገቤን!» ብዬ ስጮህ እማዬ ከጓዳ ሆና «ልጅ ወገብ የለውም! ምን ወገብ አለሽና ነው?» ትለኝ ነበር። እሷንም እናቷ እንዲሁ ብላታለች፤ ሰው ወገብ የሚያወጣው ከወለደ በኋላ ይመስል የሰፈሩ እናት ሁሉ እንዲሁ ይል ነበር። እኔም ወገብ እንደሌለኝ ተቀብዬ እኖር ነበር።

ዘሃራ ግን ወገብ ነበራት። እሷ አንድ ቀን «አመመኝ» ብላ አታውቅም፤ ገጀራውን አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ከኋላ ደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ አሮጊት ቀስ ብላ ነበር ቀና የምትለው። አንድ ማታ አባዬ በሬዎቹን አስገብቶ ሲመለስ እንዲያ ስትሆን አያትና ቆመ። እማዬ «ልጅ ወገብ…» ብላ ልትጀምር ስትል «ተይ እንጂ! ይቺ ልጅ ተጎድታለች» ብሎ አቋረጣት። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ ያልተሰማሁትን እሷ ዝም ብላ ተሰማች። ቅናቱ የጀመረኝ ያኔ ነው።

በታኅሣሥ፣ እህሉ ተሰብስቦ አውድማው ከተጠረገ በኋላ፣ አባዬ ዘሃራን ወደ በሩ መቃን ጠራት።

«ነይ እስቲ ዘሃራዬ፣ እዚህ ቁሚ። ቀጥ በይ። ክንድሽን እጠፊ።»

ከክርኗ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ በከሰል መቃኑ ላይ አሰመረ። እኔ እየሮጥኩ ሄጄ ጎኗ ተገተርኩ።

«እኔንስ አባዬ? እኔም እቆርጣለሁ እኮ!»

«አንቺ ገና ታድጊያለሽ፤ በየዓመቱ እያፈረስኩ ልሠራልሽ ነው?» አለኝና በእጁ ገፋ አደረገኝ።

በዚያ ልክ አራት የወይራ ባላ ቆረጠ፤ ምስጥ እንዳይበላቸው እግራቸውን በእሳት አሳርሮ ጓሮ ውስጥ ፊት ለፊት ቀበራቸው፣ በመንታ ጫፋቸው ላይም አግዳሚ ጣለባቸው። ከላይ የሚተኛ ወፍራም ግንድ ሲፈልግ ዓይኑ አጥሩ ሥር ወደተጋደመው የባሕር ዛፍ ግንድ ሄደ። ያ ግንድ የእኔ አውቶቡስ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ እላዩ ላይ ተፈናጥጬ «ደሴ! ደሴ! የሞላ ነው፣ አንድ ሰው!» እያልኩ ዶሮዎቹን አሳፍር ነበር። አባዬ አንድ ጎኑን በመጥረቢያ ጠርቦ ጠፍጣፋ አደረገውና፣ ከጎረቤታችን ከአያ ደምሴ ጋር ተሸክመው አግዳሚው ላይ ሰቀሉት። አውቶቡሴ ሄደ። ማንም «የፋጤ ነው» አላለም።

አያ ደምሴ ሥራውን ጨርሰው ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ሰይድ፣ አንተ መደብ ላይ ትተኛለህ፣ ለማገዶህ ቆጥ ትሠራለህ?» አሉ። ቆጥ ማለት ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የሚሠራ መኝታ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሳቀና ስሙ በዚያው ጸና፤ የዘሃራ ቆጥ። መጀመሪያ ቀን ገጀራው ሲያርፍበት ጠቅላላው እየነጠረ እንደ ፍየል ይዘል ስለነበር እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ አባዬ በማግስቱ ከመሬት ጀምሮ የግንዱን ሆድ እስኪነካ ድንጋይ ደረደረበትና ጸጥ አለ። ቅርንጫፉ እንዳይንሸራተትም ከኋላ ሁለት ካስማ መታበት። ዘሃራ ቀጥ ብላ ቆማ፣ አንገቷን እንኳ ሳትደፋ ትቆርጥ ጀመር። የተቆረጠው በወዲያ በኩል እየወደቀ ይከመራል። ከዚያ ወዲህ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አላየኋትም። ጉማጁ ላይ ጎንበስ ብዬ የቀረሁት እኔ ነኝ።

በጥር የጎረቤት ሠርግ ሲደርስ የድግሱን እንጨት እኛ ጓሮ አምጥተው ከመሩት፤ የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተራ እየያዘ በቆጡ ላይ ለመቁረጥ መጣ። ያቺ ዝምተኛዋ ዘሃራ መሐላቸው ቆማ «እንዲህ ያዢው፣ ክንድሽ እንጂ ወገብሽ አይሥራ» እያለች ታሳይ ነበር። «ዘሃራ፣ ወላሂ አባት ማለት ያንቺ አጎት ነው!» ይሏት ነበር፤ እኔ እዚያው ቆሜ። ልሞክር ብዬ ስጠጋ ግንዱ ደረቴ ላይ ሆነብኝ፣ ገጀራውን ወደ ላይ ሳነሳ ክንዴ ዛለ። አንዷ «ፋጤ፣ ምነው ከሥር ገባሽ፣ ፍየል ነሽ እንዴ?» ስትል ሁሉም ሳቁ። ድንጋይ አምጥቼ ቆምኩበት፤ ድንጋዩ ተንከባለለና ወደቅኩ፤ ይብሱን ሳቁ።

በልጉ ሲዘንብ፣ ሰው ሁሉ እርሻ ሲወጣ፣ እኔ መቃኑ ላይ ተለጥፌ ክርኔን እያጠፍኩ ከከሰሉ መስመር ጋር ስተያይ እውል ነበር። ሽንብራ ቆርጥሜ ሄጄ እለካ ነበር፤ ወተት ጠጥቼ ሄጄ እለካ ነበር። መስመሩ ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን በአመድ ልሸፍነው ብዬ እማዬ ደረሰችብኝና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ያንን ጉማጅሽን እንዳትነጠቂ ዋ!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ገረፍ አደረገችኝ።

ክረምት ሲገባ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። የራሴን ቆጥ እሠራለሁ፤ ያውም ከሷ የሚበልጥ። ዛሬ ባልደርስበትም አድጌ እደርስበታለሁ ብዬ በልኬ ሳይሆን በነገ ልኬ፣ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ተመንኩት። ወይራ ለእኔ ክንድ አይበገርም፤ ስለዚህ ከአጥሩ እንጨቱ ለስላሳ ከሆነው፣ እሾሃም ከሆነው የኮርች ዛፍ አራት ቁራጭ ቆርጬ፣ እጄ እየደማ፣ በራሰው መሬት ውስጥ እንደ ቅቤ ሰካሁት። በላዩ አጣና ጣልኩበት። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ አስተኝቼ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ስመታው፣ አጣናው አንድ ወገን ሄደ፣ እኔ አንድ ወገን ሄድኩ። ቢሆንም አላፈረስኩትም። የእኔ ነበራ።

በመስከረም፣ ታች በአስፋልቱ የግሸን ተጓዦችን የጫኑ አውቶቡሶች እየዘመሩ ሲያልፉ፣ አያ ደምሴ ጓሯችንን ተሻግረው ሲሄዱ ድንገት ቆመው መጮህ ጀመሩ።

«ሰይድ! ኧረ ሰይድ፣ ውጣ! ያንተ ቆጥ እንጨት ይቆርጣል፣ የልጅህ ቆጥ እንጨት ያበቅላል!»

ኮርች ለአጥር የሚተከለው እርጥብ ቁራጩ ስለሚጸድቅ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል፤ ቅናት ግን ዕውቀት ያስረሳል። አራቱም እግሮች ቅጠል አውጥተው ነበር። አባዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እማዬ ግድግዳ ተደገፈች። ያልሳቀችው ዘሃራ ብቻ ነበረች። አጠገቤ መጥታ ቅጠሉን በጣቷ እየነካች «አትንቀዪው ፋጤ፣ ጥላ ይሆናል» አለችኝ።

«አያገባሽም! ሂጂ ወደ ገደልሽ!» አልኳት።

ሄዳ ገጀራዋን አነሳች። ያን ቀን ከሌላው ቀን የበለጠ ቆረጠች።

ከዚያ በኋላ ክረምትና በጋው ተሯሯጠ። ዘሃራ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ተወች፤ እኔ ሐይቅ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። ደክሞኝ ስመጣ አባዬ «አንቺ ሂጂ አጥኚ፣ እንጨቱን ዘሃራ ትቆርጠዋለች» ይለኝ ነበር፤ እኔ እሱንም እንደ ስድብ ነበር የምሰማው፣ ቆጡ ለእኔ እንደማይገባ ሊነግረኝ መስሎኝ። ደብተሬን ይዤ፣ ዓይኔን አፍጥጬባት አልፍ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም፣ ሱቅ ገባሁ። እሷ ዓረብ አገር ሄደች። የሄደች ዕለት አባዬ ቆጡ ላይ ላስቲክ አለበሰበት፤ ዝናብ እንዳያበሰብሰው።

ባለፈው ኢድ ለበዓሉ ወደ መንደር ወጥቼ ሳለ ዘሃራ ደወለች፣ በምስል። አባዬ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ።

«አየሽው ቆጥሽን? እንዳለ ነው አልሐምዱሊላህ! ምስጥ አልነካውም!»

«አየሁት አጎቴ። እስቲ ፋጤን ስጠኝ።»

ተቀበልኩ። «ምነው፣ ‹ቆጤን አደራ› ልትዪኝ ነው?» አልኳት፤ እንዲህ ነኝ እኔ፣ በበዓልም።

«ወላሂ ፋጤ፣ ያንን ቆጥ ስጠላው!»

«ማ? አንቺ?»

«አጎቴ አንቺን ምን አለሽ? ‹ታድጊያለሽ› አለሽ። እኔን ግን ለካኝ፤ በሬ ለቀንበር እንደሚለካ። አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ በፊቴ ስታልፊ ገጀራውን ብወረውርብሽ እል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማን? ‹ሂጂ ወደ ገደልሽ› ላለችኝ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም «ደግሞም እኮ ወገቤን ያየልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ያም እውነት ነው» አለች። ስልኩ ተቋረጠ።

ልክ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ እኔ የሷን ቆጥ፣ እሷ የእኔን ደብተር እያየን ተቃጥለናል። ግን ቅናት ልክ አይደለህም ሲሉት ተነስቶ አይሄድም፤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል እንጂ።

ዛሬ ኮርቾቼ ትልቅ ዛፍ ሆነው በየዓመቱ ቀይ ያብባሉ፤ እማዬ ፍየሎቿን ጥላው ሥር ታስራለች። እኔ ከዘሃራ በቁመት አልፌአታለሁ። ቤተሰብ ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር በዚያ ቆጥ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የምቆርጠው፤ ወገብ እንዳያሳምም በተሠራ ነገር ላይ ወገቤን ያመኛል። በቀደም ቅርንጫፉን አጋምሼ፣ ሁለት እጄን ከኋላ ደግፌ ቀና ስል አባዬ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሲያየኝ ነበር።

«አመመሽ እንዴ ፋጤ?»

ምርኩዙን ይዞ ተነሳ፤ ከምድጃው ከሰል አንስቶ ወደ መቃኑ ሄደ።

«ነይ እስቲ ቁሚ። ቆጡን ከፍ አደርግልሻለሁ።»

እማዬ ከጓዳ «ሳትወልድ ምን ወገብ አላትና ነው!» አለች። እኔ ሄጄ መቃኑ ላይ ተለጠፍኩ፣ ቀጥ አልኩ፣ ክርኔን አጠፍኩ። አባዬ ከዘሃራ መስመር በላይ አሰመረ።

«መስመሩ ይበቃኛል አባዬ። ቆጡን ግን ተወው» አልኩት።

«ለምን?»

«የሷ ነው። ስትመጣ የት ትቆርጣለች?»

«ስትመጣማ ምን አስቆረጣት» አለ፣ ከሰሉን ወርውሮ እጁን እያራገፈ፤ «ትቀመጣለች። አንቺ ትቆርጪላታለሽ።»

ያኔ ቢሆን ኮርች ተክዬ አሳየው ነበር። አሁን ገጀራዬን አንስቼ ጎንበስ አልኩና ቀጠልኩ። ያኔ ወገብ የለሽም ይሉኝ ነበር፣ ያመኝ ነበር፤ ዛሬ ወገብ አለኝ፣ ያመኛልም፤ መቃኑ ላይ መስመርም አለኝ፣ ያውም ከሷ በላይ። የባሕር ዛፉ ሽታ ሱቄ ውስጥ ሲገባ ግን አሁንም የልቤ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በታችኛው፣ በዘሃራ መስመር ላይ ነው።