አክስቴ ብቻዋን የያዘችው ከበሮ

የአባቴ እኅት በሰርግ ላይ ከበሮ ለሰው አታስነካም ነበር። መቺዋ እሷ፣ ዘፈን አውራጇ እሷ፤ የቀረነው ሁሉ ተቀባይ። እውነቱን ለመናገር ድምፅዋ ልብ ያሞቃል። ጎረቤታችን ግን፣ እሷም ዘፈን የሚያምርባት ሴት፣ "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እያለች ታጉረመርማለች። ፊት ለፊት ማን ይድፈራት!

ጊዜው የደርግ ነው። ሰርጌ ሲቃረብ ከወልድያ የመጣች ካድሬ እኛን ሴቶቹን ቀበሌ ሰብስባ ስለ ሞኖፖል አስተማረችን። "አንድ ነጋዴ ጨውን ብቻውን ይዞ ሌላው እንዳይሸጥ በር ሲዘጋበት፣ ያ ሞኖፖል ነው" አለች። ጎረቤታችን እጇን አወጣች።

"ጨው ብቻ ነው እንዴ? ከበሮስ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ "እስቲ ያለ ጨው ብሉና እናያለን!" አለች። ካድሬዋ ነገሩ ባይገባትም፣ "ገዢው አልገዛም ካለ ሞኖፖል ይሰበራል" ብላ ትምህርቷን ቋጨች። ሴቶቹ ያቺን ቃል ይዘው ወጡ።

የሰርጌ ዕለት ሙሽራው ከነአጃቢው ከብልባላ ደረሰ። በእኛ ዘንድ የሙሽሪት ወገን በር ላይ ዘፍኖ ካልመከተ አማቾቹ እየጨፈሩ ዘው ይላሉ፤ ሙሽሪትም "ወገን የሌላት" እየተባለች ስትተረብ ትኖራለች። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ተሸፋፍኜ ተቀምጫለሁ። ሙሽሪት በሰርጓ ትንፍሽ አትልም።

አክስቴ ከበሮዋን መታ አድርጋ አወረደች። ደገመች። የሚቀበል የለም። ሴቶቹ አልገዛም ብለዋል! የብልባላዎቹ ጭፈራ ወደ በሩ ቀረበ። አክስቴ እንደገና ስታወርድ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እንዲያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም። ለራሴም ፈራሁ፣ ለእሷም አዘንኩ፣ በሴቶቹም ተናደድኩ። በእኔ ሰርግ! ሳላስበው ከመጋረጃው ጀርባ ጮክ ብዬ ተቀበልኳት።

"ኧረ ጉድ! ሙሽሪት ዘፈነች!" ጎረቤታችን በሳቅ ፈረሰች፤ ሳቋን ሳትጨርስ እሷም ተቀበለች። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! ቤቱ ሙሉ አንድ ላይ ተቀበለ፤ ብልባላዎቹ ላብ እስኪያጠምቃቸው ደጅ ቆሙ። እናቴ በመጋረጃው ስር እጇን አሾልካ ቆነጠጠችኝ፤ እየሳቀች ነበር።

ሙሽራው ከገባ በኋላ አክስቴ ከበሮውን ከአንገቷ አውልቃ ለጎረቤታችን አጠለቀችላት።

"በይ አውርጂ፤ እኔ እቀበልሻለሁ።"

ጎረቤታችን እያፈረች ጀመረች። ሲሞቃት ግን አሳምራ አወረደችው።

በቅሎ ላይ ተቀምጬ ወደ ብልባላ ስሄድ ሴቶቹ እየዘፈኑ ሸኙኝ። እየራቅን ስንሄድ ከበሮው ጠፋ፣ የአውራጇም ድምፅ ጠፋ። ኮረብታውን ስንዞር የሚሰማኝ አንዲት ተቀባይ ብቻ ነበረች፤ አክስቴ። መቀበሉንም ብቻዋን ይዛዋለች! በካባዬ ውስጥ እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ፤ ሚዜዎቹ እየሰሙ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቀበልኳት።