የጋሽ ሐጎስ ትኩስ ግድግዳ

ምንያህል የፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ጁባ የመጣው ለስድስት ወር ብሎ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሞላው። ፓስፖርቱ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ በሚሠራበት ሆቴል፣ በባለቤቱ በጋሽ ሐጎስ መሳቢያ ተቆልፎበታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሰፈሩ ሌባ በዝቶበታል ነው። ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ የፓስፖርቱ ባለቤትም እንዳያገኘው ተደረገ።

ለኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን አነሱ። ጋሽ ሐጎስም በሚካኤል ማሉ፦ የሥጋው ማቀዝቀዣ ክፍል ሰባት ቀን ሙሉ አራት ዲግሪ ላይ ከቆመ በስምንተኛው ቀን ፓስፖርቱን ይሰጡታል። ሰውየው ብዙ ይታማሉ፤ የደንበኛ ስኳር በማንኪያ ይለካሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ አምፖል ሊያጠፉ በየክፍሉ ይዞራሉ። መሐላ ግን አፍርሰው አያውቁም፤ የሚያሟቸውም ይህን አይክዱም።

ምንያህል ጋዝ ሞላ፣ የበሩን ጎማ ቀየረ፣ ሞተሩን ፈትቶ ገጠመ። ክፍሉ ዘጠኝ ላይ ተቸክሎ ቀረ። በመጨረሻ ሽጉጥ መሳዩን የሙቀት መለኪያ ይዞ ግድግዳውን ስንዝር በስንዝር ፈተሸ። ሁሉም ቦታ ዘጠኝ ይላል፤ ከጉልበት ከፍ ብሎ ያለ አንድ የትሪ ስፋት ብቻ ሃያ አምስት።

ያን ሰሞን በስልኩ ስለ ግብፅ ፒራሚዶች ሲያይ ነበር። ተመራማሪዎች በሙቀት ካሜራ ሲያዩ ጥቂት ድንጋዮች ከጎረቤቶቻቸው ሞቀው ተገኙ። ከጀርባ ባዶ ክፍል ይኖራል ያለ አለ፤ የድንጋዩ ዓይነት ይሆናል ያለም አለ። ምንያህል ከባዶ ክፍሉ ወገን ሆነ፤ ግድግዳው ውስጥ አንድ የተደፈነ ነገር አለ ብሎ ለወጥ ቤቷ ለአባይነሽ ነገራት። እሷ ደግሞ ፍል ውሃ ሊፈልቅ ነው ብላ ጄሪካን አጥባ አስቀመጠች። በሳምንቱ ወሬው መሃል ከተማ ጁባ ታውን ደርሶ ወርቅ ሆነ። ከግድግዳው ማዶ የጋሽ ሐጎስ መኝታ ቤት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን እሳቸው በጄኔሬተር ናፍጣ ግድግዳ ያሞቃሉ ብሎ ማን ይጠርጥር?

እሑድ ጠዋት ግድግዳው በረደ። ሰኞ ሞቀ። በሚቀጥለው እሑድም በረደ። ምንያህል ድንጋይ ቅዳሴ ይሄዳል እንዴ እያለ ሲስቅ፣ ከግቢው ቅዳሴ የማይቀረው ማን እንደሆነ ትዝ አለውና ሳቁ ቆመ። ወጥቶ በጋሽ ሐጎስ መኝታ ቤት መስኮት አጮለቀ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምድጃ፣ ጠፍቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሊሮጥ ነበር። መሐላው ግን ስለ ምድጃ አንድ ቃል የለውም። ስለዚህ ለማንም ሳይናገር የመኝታ ቤቱን የሶኬት መስመር ፈታ፤ ማራገቢያውን አልነካም።

ማክሰኞ ጋሽ ሐጎስ ጉሮሯቸውን ጠራርገው መጡ።

"ምንያህል፣ ሶኬቴ እንቢ አለኝ።"

"ምን ሊሰኩበት ነው ጋሼ?"

ጋሽ ሐጎስ ወደ በሩ ዞር አሉ።

"ስልክ ከሆነ እኔ ጋ ቻርጅ ላድርግልዎ።"

"ተወው፣ አስቸኳይ አይደለም" ብለው ሄዱ።

የሥጋው ክፍል አራት ገባ። ሰባቱን ቀን ጋሽ ሐጎስ እየመጡ ቁጥሩን ያዩና በረጅሙ እየተነፈሱ ይመለሳሉ። በስምንተኛው ቀን መሳቢያውን ከፈቱና ፓስፖርቱን በሁለት እጃቸው ሰጡት።

ምንያህል ገለጠው። ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል።

"ገልጬው አላውቅም፣ ሚካኤልን" አሉ ጋሽ ሐጎስ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ። አመናቸው፤ የባሰ ያናደደውም ማመኑ ነው።

ለማሳደስ ኤምባሲ ሲሄድ ወረፋው ረጅም ነው ተባለ። ምንያህል የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ጉምቦ ሰፈር አንድ ጓደኛው ቤት ገባ፤ ሰኞ ሰኞ በቦዳ ሞተር እየተመላለሰ ይጠይቃል፣ ገና ነው ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሐጎስ ደውለው የሥጋው ክፍል እንደገና ዘጠኝ መግባቱን፣ አሁን ግን እጃቸው እንደሌለበት ነገሩት። እሱም ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው መሣሪያውን ይዞ ሄደላቸው።