አርባ ሰባት ላይ የተኛው ስክሪን

በመሥሪያ ቤቱ «ቆጣቢው» ነው የሚሉት። እሱ ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ይቆጥረዋል። ስሙ የወጣለት ግን አለቃው ሽንት ቤት ውስጥ እያለ መብራቱን ድርግም አድርጎበት በሄደ ዕለት ነው። አለቃው ግድግዳ እየዳበሰ ሲወጣ ቆጣቢው ይቅርታ አልጠየቀም፤ እንዲያ ያለ ሥራ ብርሃን እንደማይፈልግ ረጋ ብሎ አስረዳው እንጂ።

ቤቱም ያው ነው። ፍሪጅ የሚከፍት ሰው የሚያወጣውን አስቀድሞ ወስኖ መምጣት አለበት። ሚስቱ ፀጉሯን የምታደርቀው ጎረቤት ሄዳ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ደግሞ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ «ይህ ልጅ እጁ ቢደርስ ፀሐይንም ያጠፋታል» ይላሉ፤ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብለው።

ኩባንያው በባትሪ የሚሠሩ፣ ባለጉዳይ በሚበዛባቸው አዳራሾች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ የወረፋ ስክሪኖች ይሠራል። ቆጣቢው የሚጽፈው ድራይቨሩን ነው፤ ማለትም በኮምፒውተሩና በስክሪኑ መካከል ቆሞ ሁለቱን የሚያግባባውን ፕሮግራም። ስክሪን ላይ የምናየው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ሜሞሪ ውስጥ ይሣላል። ከዚያ የኮምፒውተሩ ቺፕ ሥዕሉን እያነሳ ለስክሪኑ ያቀብላል። ሥዕሉ ባይለወጥም ያቀብላል፤ ያንኑ፣ መልሶ ያንኑ፣ እንደ ጅል። ቆጣቢውን እህል ውሃ ያስጠላው ይህ ነበር። ካልተለወጠ ምን ያደክመዋል? ስክሪኑ የመጨረሻውን ሥዕል ራሱ ይዞ ይቆይ፣ ቺፑም ጋደም ይበል፣ አዲስ ነገር ሲሣል ብቻ ይቀስቀስ። ለዚህም ሲል የሜሞሪው በር ላይ ዘበኛ አቆመ እንበል። ሊሥል የመጣ ፕሮግራም ሁሉ በዘበኛው ፊት ያልፋል፣ ዘበኛውም «ሥዕሉ ተነክቷል፣ ተነስ» ብሎ ቺፑን ይቀሰቅሳል። ማንም ካላለፈ ቤቱ በሙሉ እንቅልፍ ነው።

ለዘበኛው ምንም እንከን አይወጣለትም ነበር። ጣጣው የመጣው ከጎኑ ከሚቀመጠው ባልደረባ ነው። «ፈጣኑ» ይሉታል፤ የወረፋውን ቁጥር የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፈ እሱ ነው። በበሩ መግባት ጊዜ ይፈጃል ብሎ በአጥሩ ዘለለ፤ ቁጥሩን ቀጥታ ሜሞሪው ላይ ይጽፋል፣ ዘበኛውም ፈጽሞ አያውቅም። ለቆጣቢው አልነገረውም፤ ቆጣቢውም አልጠየቀውም። ሁለቱ ከተኳረፉ ሰነባብተዋል። የጠባቸው መነሻ የፈጣኑ የጠረጴዛ ማራገቢያ ነው፤ ማን ይነቅለው እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

ታዲያ በሙከራው ጊዜ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቆጣቢው ስክሪኑን ሊያይ በመጣ ቁጥር እጁ የሚቀድመው ወደ ማውሱ ነው። መጽሐፍ ሊገልጥ ጣቱን እንደሚያረጥብ ሰው፣ ነካ ሳያደርግ ማየት አይሆንለትም። የማውሷ ቀስት ደግሞ ጨዋ ናት፤ በበሩ ነው የምታልፈው። ዘበኛው ባንኖ ቺፑን ይቀሰቅሳል፣ ፈጣኑ በአጥር ያስገባው ቁጥርም አብሮ ብቅ ይላል። ቁጥሩ ትክክል፣ ባትሪው ሙሉ! ቆጣቢው በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው።

አለቃው ከፍ ያለ ነገር ቃል ገባለት። ስክሪኑ የንግድ ፈቃድ በሚታደስበት ጽሕፈት ቤት ተሰቅሎ፣ አንዴ በተሞላ ባትሪ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቆየ፣ ክፍት የሆነው የክፍል ኃላፊነት የቆጣቢው ነው። ካልቆየ የፈጣኑ። ቆጣቢው ከፈጣኑ ሥር መሥራትን ሊያስበው እንኳ አልፈለገም። ለጥንቃቄ ብሎም ቁጥር የሚጠራውን ድምፅ ማጉያ አስዘጋ። ሰው ዓይን እያለው ድምፅ ምን ያደርግለታል?

ሰኞ ጠዋት ስክሪኑን ራሱ ሰቀለው። እንዳጋጣሚ አማቱም የሱቃቸውን ፈቃድ ሊያሳድሱ እዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ነበር፤ በእጃቸው የያዟት ቁጥር አርባ ስምንት ናት። ማውሱን ወዲህ ወዲያ ሲያደርግ ስክሪኑ አርባ ሰባት አለ። ቆጣቢው ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ቀጣይዋ እርስዎ ነዎት» አላቸው። ማውሱን ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሄደ።

ማታ እማማ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው፣ ቀኑን ሙሉ ቀጣይ እንደነበሩ ነገሩት። እሱ የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስክሪኑ በርቷል ወይ? በርቷል አሉት። ፊቱ በራ። ማክሰኞም ያው፣ ረቡዕም ያው። ሴትዮዋ ቁጥሩ ንቅንቅ እንዳላለ ሲያወሩት፣ ወረፋ መቼም ወረፋ ነው፣ ይታገሱ እያለ ያጽናናቸዋል፤ ቀጥሎ ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ እንደሆነ ይጠይቃል። አልደበዘዘም። ሰውዬው ያን ሳምንት እንደ ሙሽራ ነበር የከረመው።

አዳራሹ ውስጥ የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ሠራተኞች ቁልፉን ተጭነው አርባ ስምንትን ጠሩ። ማንም አልመጣም። አርባ ዘጠኝን ጠሩ፣ እሱም የለም። ደንቡ ያልመጣን ሰው እለፍ ነውና እያለፉ፣ እያለፉ፣ የቀረ ቁጥር አጡ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ለጠጥ ብለው ስልካቸውን አወጡ። ባለጉዳዩ በበኩሉ አርባ ሰባትን እያየ ይጠብቃል። ተነስቶ ወደ መስታወቱ የተጠጋ እንደሆነ ጥበቃው ስክሪኑ ሳይጠራህ ወዴት ነው ብሎ ይመልሰዋል። የሚገርመው ማንም አለመገረሙ ነው። በዚያ ቤት ወረፋ ቆመ ብሎ ማውራት እንደ ነውር ሳይቆጠር አይቀርም። ሰው ጋዜጣውንና ምሳውን ይዞ እየመጣ ይውል ጀመር።

ዓርብ ዕለት ርክክብ ሆነ። አለቃው ከረባት አስሮ፣ ቆጣቢውን አስከትሎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ዳይሬክተሯ ቢሮ ሲገቡ ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሏቸው። ከእርሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያልተጠራ ባለጉዳይ የለም፣ ሠራተኛው አልተጨናነቀም፣ አዳራሹም እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ባትሪው ሲታይ ከግማሽ በላይ ቀርቶታል። አለቃው የቆጣቢውን ትከሻ ጨበጥ አድርጎ «የክፍል ኃላፊያችን» ብሎ አስተዋወቀው። ቆጣቢው ደረቱ ተነፋ፤ የሸሚዙ ቁልፍ ጨነቃት። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው፤ ዳይሬክተሯ ግን ከመፈረማቸው በፊት ስክሪኑ ሥር ፎቶ እንነሳ አሉ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ወንበር ላይ እማማ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ቆጣቢው ያላየ መስሎ ሊያልፍ ሲል እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ይሄ ሳጥንህ ሞቷል መሰለኝ።»

ቀና ብሎ አየው። አርባ ሰባት። በእጁ ማውስ ሳይነካ ስክሪን ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ወዲያው ከመስታወቱ ጀርባ ባለው የሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የሚል አየ። ፈጣኑ በየት እንደገባ ያኔ ገባው።

ጎንበስ ብሎ «አልሞተም እማማ፣ ተኝቶ ነው» አላቸው በሹክሹክታ።

«እኛስ ምን እየሠራን ነው?»

ልቡ በፍጥነት ያሰላ ጀመር። ፊርማው ይፈረም፤ ሰኞ ማንም ሳያይ ይጠግነዋል፤ ሰው ሳምንቱን የጠበቀ ሁለት ቀን ቢጨምር አይሞት። አማቱን ግን ዛሬውኑ ማስተናገድ ይቻላል። ክንዳቸውን ይዞ ወደ መስታወቱ ሊወስዳቸው ሞከረ። ሴትዮዋ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ሰኞ ዕለት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቀጣይዋ እርስዎ ነዎት ያልከኝ አንተ ነህ» አሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እኔን በጓሮ ልታስገባኝ ነው? ተኝቷል ያልከውን ለሁላችንም ንገረን።»

አዳራሹ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ዳይሬክተሯ ፈገግታቸውን እንደያዙ ቀሩ፣ አለቃውም ምን ተፈጠረ በሚል ዓይን አየው። ቆጣቢው ቦርሳውን ከፈተና ማውሱን አውጥቶ ሰካው። ነካ አደረገው።

ስክሪኑ ከአርባ ሰባት ተነስቶ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቁጢጥ አለ።

ቀጥሎ አንድ ሰውዬ ወረቀቱን እያገላበጠ «ስድሳ መቼ ነው ያለፈው? እኔ እዚሁ ነኝ እኮ!» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አይቻልም፤ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወደ መስታወቱ ሄደ፣ ሠራተኞቹም ስልካቸውን የሚደብቁበት ቦታ ጠፋቸው። ዳይሬክተሯ በግርግሩ መሐል ቆጣቢውን ይዘው «ምን አደረግኸው? ደህና ይሠራ አልነበረም እንዴ?» ይሉታል። ፊርማው የት እንደደረሰ ማንም አልጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ አለቃው ሁለቱን አስቀምጦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መረመረ። ፈጣኑ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የእሱ ቁጥር አንድም ጊዜ ቆሞ እንደማያውቅ ተናገረ። እውነቱን ነው። የቆመው ስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑን ያስተኛው ቆጣቢው ነው። በአጥር ስለመዝለል የቀረበው ማስረጃ ለአለቃው ረዘመበት፤ እንዲያውም ፍጥነት ይሉሃል እንዲህ ነው ብሎ ተደነቀ። ኃላፊነቱ ለፈጣኑ ሆነ። አዲሱ ኃላፊ የመጀመሪያ ትእዛዙን እዚያው ሰጠ፤ ቆጣቢው በአጥሩ ዙሪያም ዘበኛ ያቁም። መልካም ሐሳብ ነው፤ አጥር ከሚዘል ሰው ልምድ የመጣ።

ማታ ቆጣቢው እራቱ ላይ አቀርቅሮ ይጎረጉራል። ሚስቱ ሹመቱ ምን ሆነ ስትለው አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ተናገረ።

«ያን ማውስ ባልሰካው ኖሮ ዛሬ ኃላፊ ነበርኩ።»

እማማ ከተሸከፈበት ፕላስቲክ እያወጡ የሚያዩትን አዲሱን ፈቃድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እኔም እስካሁን አርባ ስምንት ነበርኩ» አሉት።

ሚስቱ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ብታዞርም ትከሻዋ አጋለጣት። ቆጣቢው ፈቃዱን ሳብ አድርጎ አነበበው፤ ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው። እማማም ከሰኞ ጀምሮ ሱቁ እንደሚከፈት ነገሩትና፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደውን ሱሪውን በዓይናቸው እያመለከቱ፣ «ያን አምጣውና ልጥቀምልህ፤ እኔ ጋ ወረፋ የለም» አሉት።