ሎሚ ሎሚ የሚሸት ዜሮ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከፊቴ የምትሄድ ሴት ዘንቢሏ ተቀድዶ የዘጌ ሎሚ መንገዱ ላይ ተበተነባትና፣ እኔም ደግ ሰው ለመምሰል አንዱን ላነሣላት ጎንበስ ብል፣ ሽታው አፈፍ አድርጎ ስምንተኛ ክፍል ወስዶ አስቀመጠኝ። ቀና ለማለት የዘገየሁት በትዝታ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ወገቤም እጁ አለበት።

የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ውብሸት የዘጌ ቄስ ልጅ ነበሩ። ቅኔ ቤት አድገው፣ ኋላ ዘመናዊውን ተምረው፣ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር መጡ። ዓርብ ዓርብ የእኛን ደብተር በቦርሳቸው ሸክፈው በጀልባ እናታቸው ዘንድ ይሻገራሉ፤ እናትየው ደግሞ ልጃቸውን ባዶ እጁን መስደድ ስለማይሆንላቸው በደብተሮቹ መካከል ሎሚ ይጎሰጉሱበታል። ሰኞ ደብተር ሲታደል ስድሳ ልጅ መጀመሪያ ያሸትታል፣ ከዚያ ማርኩን ያያል።

የክፍሉ ደራሲ እኔ ነበርሁ፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። ዘዴዬ ቀላል ነው፤ አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲመለስ ሬዲዮ ይከፍታል፣ እኔ ከሥር ከሥሩ እገለብጣለሁ። ርእሱ «የክረምት ዕረፍት» ይሁን «ላም»፣ ድርሰቴ ኢምፔሪያሊዝምን አውግዞ ይጀምርና በሰፊው ሕዝብ ድል ያልቃል፤ ላሚቱ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ትጠፋለች። ሌሎቹ መምህራን ከዐሥር ዘጠኝ ይሰጡኝ ነበር። ችሎታዬ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ፍርሃታቸው ነው።

መምህር ውብሸት በመጡ በወሩ «ጣና» የሚል ርእስ ሰጡን። ጣና በአድኃርያን ዘመን ተኝቶ እንደ ኖረና አሁን ግን ነቅቶ ለምርት ዘመቻ እንደ ተሰለፈ አራት ገጽ ጻፍሁ። ሰኞ ደብተሬን አሽትቼ ገለጥሁት። በቀይ እስክሪብቶ ቁልጭ ያለ ዜሮ፤ ከጎኑ «ልጄ፣ ውኃው የት አለ?» ይላል።

«አይ ደራሲው! ጣና ውስጥ ሰጠምህ?» አለኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ፈንታሁን።

ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ የዚያ ዕድሜ ንዴት ደግሞ አይጣል ነው። አብዮትን ያወደሰ ድርሰት ዜሮ የሰጠ ሰው ምን እንደሚባል ከሬዲዮው በቃሌ ይዤዋለሁ። ደብተሬን አንጠልጥዬ በቀጥታ ወደ ሰፈራችን ቀበሌ ሄድሁ። ለዘበኛው «ጓድ ሊቀ መንበርን ነው የምፈልግ፤ ትልቅ ጉዳይ ነው» አልሁት። ቁመቴን አይቶ «ቁጭ በል» አለኝ።

አግዳሚው ላይ ጎረቤታችን እትዬ የሺ አገልግል ይዘው ተቀምጠዋል። ባላቸው እዚያው ግቢ ከታሰሩ ወር አልፏቸዋል፤ አንድ የተቀየማቸው ሰው ጠቁሞባቸው ነው ይባላል። ዘበኛው አገልግሉን ከፍቶ የተደበቀ ወረቀት ለመፈለግ እንጀራውን በስንጥር ይወጋጋ ጀመር። እትዬ የሺ ያን ላለማየት ፊታቸውን ወደኔ አዞሩና በሐዘኔታ ጉንጬን ይዘው፣ «አንተስ ማንን አሰሩብህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ደብተሬን ሸሚዜ ሥር ወሸቅሁት። ልሮጥ ስነሣ ስሜ ተጠራ።

ሊቀ መንበሩ አራቱን ገጽ ራሱን እየነቀነቀ አነበበ። ደስ ብሎታል። ቀዩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ይኼን ዜሮ ማነው የሰጠህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ግለ ሂስ አድርጌ ነው።»

«ራስህን ልጄ ትላለህ?»

«ራሴን ስገሥጽ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝና፣ «መልካም። እሑድ ስብሰባው ላይ ለምን ዜሮ እንደሚገባህ ጽፈህ ታነብባለህ፤ መምህርህም መጥቶ ይሰማል። ካላሳመንኸን ያን ጊዜ ከሁለታችሁም ጋር እንተያያለን» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ሐይቁ ዳር እየሄድሁ ተቀመጥሁ። ሬዲዮ በዚህ ጉዳይ የሚረዳኝ ነገር አልነበረውም። ውኃው ከክረምቱ በኋላ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ እንደሚደፈርስ አየሁ። የደንገል ታንኳ በሄደ ቁጥር ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ፣ ባለቤቱም ዛፍ ላይ አስደግፎ ፀሐይ ካላስመታው አንድ ቀን ይዞት እንደሚሰጥም ዓሣ አጥማጆቹ ነገሩኝ። ሐይቁ የሚያህል ነገር በር ላይ ተኝቶልኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ዐይኔን አለማንሣቴ ገረመኝ።

እሑድ መምህር ውብሸት የመጨረሻው መደዳ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያየሁትን ሁሉ አነበብሁና፣ «ጉማሬ ስለምፈራ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ጣና ገብቼ አላውቅም፤ እግሩን ያልነከረ ሰው ሐይቅን ያህል ነገር ተነሥና ዝመት ብሎ ማዘዙ ዜሮም ይበዛበታል» ብዬ ጨረስሁ። ሕዝቡ ሁሉ የሊቀ መንበሩን ከንፈር ያያል። እሱ ሳቀ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

በሩ ላይ መምህር ውብሸት ትከሻዬን ያዙ። «ደብተሩን ከእጅህ ነጥቀውህ መሆን አለበት፤ አወጣኸኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው ትሕትና መሰላቸው። ጽሑፌን ተቀብለው እዚያው ቆመው ከዐሥር ሰባት ሰጡኝና «ሦስቱን ጉማሬውን ያየኸው ዕለት» አሉኝ።

በዓመቱ ወደ ማክሰኝት ተዛወሩ። የጻፍሁትን ሁሉ በፖስታ እልክላቸዋለሁ፣ አርመው ይመልሱልኛል፤ ደብዳቤያቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው ስለዚያ እሑድ በማመስገን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ስንቱ ስጽፍላቸው፣ ደብተሩን በገዛ እግሬ የወሰድሁት እኔ መሆኔን ብቻ ዘለልሁት። ከእሳቸው በኋላ ብዙ ሰው ጽሑፌን አመስግኖልኛል፤ የጎደለውን አይቶ የጠየቀኝ ግን የለም።

ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ልናገር ቆርጬ ማክሰኝት ሄድሁ። ከተቀበሩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ስሜን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «አባታችንን ያወጡት እርስዎ ነዎት?» ብላ አስገባችኝ፤ ውኃ አሙቃ፣ ሳፋ አምጥታ፣ እግሬን ልታጥብ ፊቴ ተንበረከከች። ልናገር አፌን ከፈትሁ።

ጫማዬን አወለቅሁ።