የትኛዋ ትሻላለች

ሶዶ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ማወዳደሪያ ቃላት ላይ ስደርስ ፊቴ ይጠቁራል። ተማሪዎቼ «ሌስ» እና «ፊወር» እየተምታቱባቸው የምናደድ ይመስላቸዋል። እሱስ ቀላል ነው፤ የሚቆጠር ነገር ሲያንስ ፊወር፣ የማይቆጠር ሲያንስ ሌስ። አለቀ።

እኔን ያስተማሩኝ መምህር ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ገሱባ ተመድበው የመጡ፣ ለእንግሊዝኛ ሟች ሰው ነበሩ። ሌስ ውሃ፣ ፊወር በሬ እያሉ፣ አንዱን ቃል ጽፈው፣ አጥፍተው፣ እንደገና ጽፈው ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ቃል ያለቦታው ሲገባ ያማቸዋል። እኔና ታላቅ እህቴ አንድ ክፍል ነበርን። ትምህርት ዘግይታ የጀመረችው እኔን አዝላ ስታሳድግ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስን አባታችን ሁለታችንን ይዞን መምህሩ ዘንድ ሄደ። ለሁለተኛ ደረጃ ሶዶ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየላከ ማስተማር የሚቻለው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ፣ እኛ ሰፈር አባት ራሱ አይመርጥም፤ መምህር ያስመርጣል። ቤት ውስጥ ቂም እንዳይገባ ነው ይላሉ። የት እንዲገባ ፈልገው እንደሆነ እንጃ!

«መምህር፣ ሁለት ልጅ አለኝ። አንድ ብቻ ነው የምችለው። የትኛዋ ትሻላለች?» አለ አባቴ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

መምህሩ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሊወጡ ነበር። በቅጡ እንኳ አላዩንም።

«ትንሿ ትሻላለች» አሉና በሩን ቆለፉ።

በምን? በፈተና ትንሽ እበልጣት ነበር፣ አልክድም። እሷ ግን ደብተር የምትገልጠው ውሃ ቀድታ፣ ከብት አስገብታ፣ እራት አቅርባ ነው። እኔ ስገባ የምበላው ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ ያዘጋጀችውም እሷው ናት። ይህን ለመጠየቅ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እህቴ አላለቀሰችም። ፍራሼን ተሸክማ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ፣ መኪናው ላይም ራሷ አስጫነችልኝ።

ዛሬም ገሱባ ናት፤ አግብታ ወልዳለች። ዘንድሮ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ስሄድ ልጆቿን ጠርታ አጠገቤ አስቀመጠቻቸው።

«እንደ አክስታችሁ ጎብዙ» አለቻቸው። «አክስታችሁ ከእኔ ትሻላለች። መምህሩ ናቸው ያሉት።»

ቅር ብሏት አይደለም። ታምንበታለች።